ሽቦው የሩት አሳዋ ነው፤ ጥላውስ የማን ነው?

ቤታችሁ ዳንቴል አይጠፋም ብዬ ልገምት። እናቶቻችን ቴሌቪዥኑን፣ ሶፋውን፣ አንዳንዴም ሬዲዮኑን የሚያለብሱበት ዓይነት። ማታ አንዱን አንሱና መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ አብሩበት። መጀመሪያ ዳንቴሉን ግድግዳው ሥር አስጠጉት። አበባው፣ ቀዳዳው፣ የክሩ ዙር ሁሉ ግድግዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሁን ቀስ እያላችሁ ከግድግዳው አርቁት፤ ወደ ባትሪው አምጡት። ጥላው ይተልቃል፣ ግድግዳውን ይሞላል። ክሩ ግን መደብዘዝ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ አበባው ጭጋግ ይሆናል።

ዳንቴሉ ያው ነው። አንድ ክር አልጨመራችሁበትም፣ አልቀነሳችሁለትም። ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ግን ሌላ ሆኗል።

ይህን ልብ ካላችሁ ሩት አሳዋ የምትባለዋን አሜሪካዊት ቀራጺ ሥራ ለመረዳት መንገዱን አጋምሳችኋል። አሳዋ ዳንቴሏን የሠራችው በሽቦ ነው። የሠራችውን ደግሞ ከጣሪያ አንጠለጠለችው። በ2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሳንፍራንሲስኮ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የዕድሜ ልክ ሥራዋን ሰብስቦ ከሚያዝያ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ አሳየ። ከ300 በላይ ሥራዎች ነበሩበት። ከዚያ በጥቅምት ወደ ኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ተሻገረ። ለ2026 ደግሞ በስፔን ቢልባኦ ያለው ጉገንሃይም ሙዚየምና በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ያለው የባየለር ሙዚየም ተረኞች ሆነው ተይዘዋል።

እንዲህ ያለው ዐውደ ርዕይ ሪትሮስፔክቲቭ ይባላል፤ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት እንደማለት ነው። እኛ ዘንድ ዐውደ ርዕይ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሠዓሊው ሰሞኑን የሠራቸው ናቸው የሚሰቀሉት፤ ለሽያጭም ይሆናሉ። ሪትሮስፔክቲቭ ላይ የሚሸጥ ነገር የለም። ሙዚየሙ በየሰዉ ቤትና በየሌላው ሙዚየም የተበተነውን ሥራ ይዋሳል፣ ኢንሹራንስ ይገባለታል፣ በሣጥን አሽጎ ያጓጉዛል። ዓላማው ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከየት ተነሥተው የት እንደደረሱ በአንድ ጣሪያ ሥር ማሳየት ነው። ሥዕል ከሆነ ጣጣው እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል። ታወጣለህ፣ ትሰቅላለህ፣ መብራት ታበራለህ።

የአሳዋ ሥራ ግን እንዲህ አይገላገሉትም። ምክንያቱም ግማሹ ሥራ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ጥላ አይታሸግም።

ከእንቁላል ቅርጫት የተነሣ ነገር

አሳዋ በ1947 ሜክሲኮ ውስጥ ቶሉካ ወደምትባል ከተማ ሄዳ ነበር። ያኔ የጥበብ ተማሪ ናት። እዚያ ሰዎች ከሽቦ የተሠራ ቅርጫት ሲጠቀሙ አየች። እንቁላል የሚይዙበት ነው። አሠራሩን ጠየቀች፤ አሳዩዋት። አለቀ። የዕድሜ ልክ ሥራዋ መነሻ ይኸው ነው፤ የገበያ ቅርጫት።

አሠራሩ ለማየት ቀላል ነው። ሽቦው በክብ እንጨት ዘንግ ላይ ይጠቀለላል፣ ቀለበት ቀለበት ይሆናል። ቀጣዩ ዙር ደግሞ በበፊቱ ዙር ቀለበቶች ውስጥ እየገባ ይያያዛል። ኪሮሽ የያዘ ሰው የሚያውቀው ሕግ እዚህም ይሠራል፦ በየዙሩ ቀለበት ከጨመርክ ይሰፋል፣ ከቀነስክ ይጠባል። እየጨመርክ ሄደህ ኋላ እየቀነስክ ከተመለስክ ኳስ ታገኛለህ። አንገቱን አጥብበህ እንደገና ካሰፋኸው ሁለተኛ ኳስ ከሥር ይወጣል። እንዲህ እያለ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ኳስ የተንጠለጠለ ነገር ይሆናል። ሩቅ ሆኖ ላየው የቅል ዘለላ ይመስላል።

ቅርጫቱ ቅርጫት መሆኑን ያቆመው አሳዋ አፉን ስትዘጋው ነው። የተዘጋ ቅርጫት ምንም አይያዝበትም። ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ አለች፤ ኳስ ውስጥ ሌላ ኳስ። ሰው ሲያየው መጀመሪያ የሚያስበው «ውስጠኛውን ለብቻው ሠርታ ከተተችው» ብሎ ነው። አይደለም። ሁለቱም አንድ መረብ ናቸው። ለማመን ካልሲ አውጡ። የጣቱን ጫፍ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉት። አሁን ካልሲው ውስጥ ሌላ ካልሲ ያለ ይመስላል፤ ጨርቁ ግን አንድ ነው፣ የትም አልተቆረጠም። አሳዋ ይህንኑ በሽቦ ሠራችው። መረቡ ኳስ ይሆናል፣ ይወርዳል፣ አንገቱ ላይ ይታጠፍና ወደ ላይ ተመልሶ ያንኑ ኳስ ከውጭ ያቅፈዋል። ጉንዳን ብትለቁበት ሽቦውን ሳትለቅ ከውጭ ተነሥታ ውስጠኛው ኳስ ላይ ትገኛለች። የውጭ ፊት የነበረው የውስጥ ፊት ይሆናል፣ ተመልሶ ደግሞ የውጭ።

ሥራዎቹ ርዕስ የላቸውም ማለት ይቻላል። «ርዕስ አልባ» ይልና ቁጥር ይከተላል፤ ከዚያ የቅርጹ መግለጫ፦ የሚንጠለጠል፣ ባለ ስድስት ኳስ፣ ቅርጽ በቅርጽ ውስጥ። የዕቃ ግምጃ ቤት መዝገብ ይመስላል። ለኔ ይመቸኛል። «ናፍቆት ቁጥር 3» ከሚል ርዕስ ያድናል።

አሳዋ ራሷ ስለ ሥራዋ ስትናገር ትልቁ ፍላጎቷ ቦታን ሳይደፍኑ ማጠር እንደሆነ ትገልጽ ነበር። ይህን ዐረፍተ ነገር ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ድንጋይ የሚቀርጽ ሰው ቦታ ይይዛል፤ ሐውልቱ ካለበት አየሩ የለም። የአሳዋ ኳስ ግን በቦታው አለ፣ ከኋላው ያለው ሰውም ይታያችኋል። ሽቦ በመሆኑ ብርሃን ያልፍበታል። ብርሃን የሚያልፍበት ነገር ደግሞ የሚጥለው ጥላ ድፍን ጥቁር አይሆንም።

ጥላው ላይ ምን ይታያል?

የድንጋይ ሐውልት ጥላ ዳር ድንበሩን ብቻ ይነግራችኋል። ውስጡ ጥቁር ነው። የሽቦ ኳስ ጥላ ግን ውስጡንም ያሳያል። አሳዋ በወጣትነቷ ስለ እነዚህ ሥራዎች ስትጽፍ ጥላው የዕቃውን ትክክለኛ ምስል ያሳያል ብላ ነበር። ትክክል ናት፤ አንድ ነገር ልጨምርበት እንጂ። ጥላ ጥልቀት አያውቅም። ፊት ለፊት ያለው መረብ፣ ከኋላ ያለው መረብ፣ መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ፣ ሁሉም ግድግዳው ላይ አንድ ገጽ ሆነው ይነጠፋሉ።

ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ሁለት ነገር ትለያላችሁ። አንደኛ፣ የኳሱ ጥላ ከመሃሉ ይልቅ ጠርዙ ላይ ይጠቁራል። እርሳስ ይዞ ዙሪያውን ያሠመረው ሰው ያለ ይመስላል። ማንም አላሠመረም። ብርሃኑ ኳሱን በመሃል ሲወጋው መረቡን ፊት ለፊት ነው የሚያገኘው፤ ቀዳዳዎቹ ሰፊ ናቸው፣ ያልፋል። ጠርዙ ላይ ግን መረቡ በጎን ነው ያለው፤ ሽቦዎቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ይሰለፋሉ፣ ቀዳዳዎቹ ይጠባሉ፣ ብርሃኑ ይታገዳል። ሁለተኛ፣ ውስጠኛዋ ኳስ ባለችበት ቦታ ጥላው አንድ እርከን ይደምናል፤ ምክንያቱም ብርሃኑ ሁለት ሳይሆን አራት የሽቦ ንጣፍ ነው የሚሻገረው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ግራጫ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ጥቁር መሥመር አለላችሁ። ይህ የሠዓሊ ቋንቋ ነው። ብዙ ጎብኚዎች ከቅርጹ ይልቅ ጥላውን ፎቶ የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እርግጥ ስልክም ጠፍጣፋ ነገር ይቀናዋል።

ሌላም አለ። ሁለት አጎበር ደርባችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ በሌላው ላይ ሲሆን በየትኛውም ላይ የሌለ ሞገድ የሚመስል ጥለት ይወጣል። ስትንቀሳቀሱ ሞገዱም ይንቀሳቀሳል። የአሳዋ መረቦች ሲደራረቡ ይኸው ይሆናል። ሽቦው ቆሞ ሳለ እናንተ አንድ እርምጃ ስትራመዱ ውስጡ የሚርገበገብ የሚመስለው ለዚህ ነው። ከአየር ማቀዝቀዣው የሚመጣ ትንሽ ነፋስ ሥራውን ካወዛወዘው ደግሞ ጥላውም አብሮ ይዞራል።

መብራት የሚያበራው ሰው

አሁን ወደ ዳንቴሉ እንመለስ። ጥላው የደበዘዘው ለምን ነበር?

ሁለት ነገር ነው ጥላን የሚወስነው፤ የመብራቱ ፊት ስፋትና ርቀት። መብራት ነጥብ ቢሆን ኖሮ ጥላ ሁሌም እንደ ምላጭ ስለታም ይሆን ነበር። ግን ነጥብ የሆነ መብራት የለም፤ አምፖሉ ስፋት አለው። ከአምፖሉ ግራ ጠርዝ የሚመጣው ብርሃን የሽቦውን ጥላ አንድ ቦታ ይጥላል፣ ከቀኝ ጠርዝ የሚመጣው ትንሽ አልፎ ይጥላል። የሁለቱ ልዩነት ነው ድብዛዜው።

በቁጥር እንየው። ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ይወፍራል እንበል። መብራቱ ከሽቦው 3 ሜትር ይርቃል፣ ፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ሽቦው ከግድግዳው 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከተሰቀለ የድብዛዜው ስፋት ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። መሥመሩ ይታያል። ከመብራቱ ያለውን 3 ሜትር ሳትለውጡ ያንኑ ሽቦ ከግድግዳው 1 ሜትር አርቁት። ድብዛዜው ወደ 17 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ባለ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦ በዚያ ሁሉ ድብዛዜ ውስጥ ይሟሟል፤ መረቡ ግድግዳው ላይ ግራጫ ደመና ብቻ ይሆናል። አሁን ደግሞ ርቀቱን ሳትነኩ ፊቱ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ መብራት ቀይሩ። ድብዛዜው ከ3 ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሽቦው ተመልሶ ይመጣል። መጠኑም አለ፦ በዚሁ አሰቃቀል 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኳስ ግድግዳው ላይ 40 ሴንቲ ሜትር ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። አንዲት ሴት ወራት ፈጅታ ሽቦ ጠለፈች። ከብዙ ዓመት በኋላ መሰላል ላይ የወጣ የሙዚየም ባለሙያ አምፖል ሲመርጥ ግድግዳው ላይ የሚወጣው መሥመር ይሁን ደመና እሱ ይወስናል። ሁለት መብራት ከሁለት አቅጣጫ ቢያበራ ጥላው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ መብራት የሌላውን ጥላ ስለሚያበራው ሁለቱም ይሳሳሉ። አራት ቢያበራ የሚቀር ነገር የለም። እና ይህ ውሳኔ ሳንፍራንሲስኮ ላይ አንድ ጊዜ ተወስኖ አያልቅም። ኒው ዮርክ ጣሪያው ሌላ ነው፣ ግድግዳው ሌላ ነው። ቢልባኦም እንዲሁ። ሽቦው ይጓዛል፣ ጥላው በየከተማው እንደ አዲስ ይሠራል።

አንድ ሌላ ራስ ምታት ደግሞ አለ። አሳዋ ዕድሜዋን ሙሉ ሥላለች፤ በቀለም፣ በውሃ ቀለም፣ በወረቀት። ሪትሮስፔክቲቭ ደግሞ ሁሉንም ማሳየት አለበት። ወረቀት ብርሃን ይጎዳዋል። ሙዚየሞች ለወረቀት ሥራ ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ ነው የሚይዙት፤ ደብዘዝ ያለ ሳሎን ነው። ሽቦ ግን ጥላ እንዲጥል ጠንከር ያለ ብርሃን ይፈልጋል፣ ራሱም በብርሃን አይጎዳም። ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ ስታስቀምጥ የሽቦው መብራት ወረቀቱ ላይ እንዳይፈስ ማዕዘኑን በጥንቃቄ መጠበቅ ግድ ነው። እንዲህ ያለ ዐውደ ርዕይ ላይ ሥዕሎቹ ለምን ጥግ ጥግ እንደያዙ ግር ካላችሁ፣ መልሱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የራሴን አቋም ልናገር። ክፍሉን አጨልሞ ሽቦውን በአንድ ኃይለኛ መብራት መውጋት ይታወቃል፤ ጥላው ያስደምማል፣ ሰው «ዋው» ይላል። ለኔ ግን ቲያትር ይበዛበታል። አሳዋ እነዚህን ሥራዎች ያንጠለጠለችው የገዛ ቤቷ ውስጥ ነው። ስድስት ልጆች ነበሯት። የፎቶግራፍ ባለሙያዋ ኢሞጀን ከኒንግሃም ወዳጇ ነበረች፤ በ1950ዎቹ ያነሣቻት ፎቶ ላይ አሳዋ ወለል ላይ ተቀምጣ ሽቦ ትጠልፋለች፣ ልጆቹ በዙሪያዋ ናቸው፣ ሥራዎቹ በመሃላቸው ተንጠልጥለዋል። ቤት ውስጥ ጥላ ከቀኑ ጋር ይዞራል፤ ጠዋት ወዲህ፣ ከሰዓት ወዲያ። የሳንፍራንሲስኮው ሙዚየም አንዱን ክፍል የቤቷን ሳሎን እንዲያስታውስ አድርጎ ማዘጋጀቱ በዚህ ምክንያት ደስ ይለኛል።

ሽቦና የእሾህ ሽቦ

ሕይወቷን ሳይነኩ ማለፍ አይቻልም፤ አጠር ላድርገው። አሳዋ በ1926 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖርዎክ በምትባል ቦታ ከጃፓናውያን ገበሬዎች ተወለደች። ጃፓን በ1941 የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ የአሜሪካ መንግሥት 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ተወላጆችን ከቤታቸው አፍሶ አጎራቸው። አብዛኞቹ ዜጎች ነበሩ። የ16 ዓመቷ ሩት ከቤተሰቧ ጋር መጀመሪያ ሳንታ አኒታ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ገባች፤ ያደሩት በፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። አብረው ከታሰሩት መካከል ዲዝኒ ቤት ይሠሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ስለነበሩ ሥዕል አስተማሯት። ከዚያ አርካንሶ ወዳለው የሮወር ካምፕ ተወሰዱ። ከካምፕ ወጥታ ሚልዎኪ ለመምህርነት ተማረች፤ ጃፓናዊት ናት ተብሎ የማስተማር ልምምድ የሚሰጣት ትምህርት ቤት ስላልተገኘ ሳትመረቅ ቀረች። በዚህ ነው በ1946 ሰሜን ካሮላይና ወዳለው ብላክ ማውንቴን ኮሌጅ የሄደችው፤ እዚያ ሠዓሊው ጆሴፍ አልበርስ አስተማራት።

ብዙ ጸሐፊዎች ሽቦውን ከካምፑ የእሾህ ሽቦ ጋር ወዲያው ያያይዙታል። ተረቱ ያምራል፤ እኔ ግን አልቸኩልም። እሷ ስለ ቅርጾቿ ስትጠየቅ የምታነሣው ሌላ ትዝታ ነበር። ልጅ ሆና በፈረስ የሚጎተት የእርሻ መሣሪያ ኋላ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታንጠለጥላለች። ጣቷ አፈሩን ሲነካ መሥመር ይወጣል። እግሯን ወዲያና ወዲህ ስታደርግ መሥመሮቹ ይሰፋሉ፣ ይጠባሉ፣ ይሰፋሉ። ያ ቅርጽ ኋላ ከጣሪያ የተንጠለጠለው ነው።

በ1950ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ስታሳይ ሥራዋን የተቀበሉ ነበሩ። ቢሆንም አንዳንድ ተቺዎች «የእጅ ሥራ» ነው፣ የቤት እመቤት ነገር ነው አሉ። ነገሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። መሶብ የምትሰፋን ሴት «ባለሙያ» እንላታለን፤ ቀራጺ ብሎ የጠራት አላውቅም። መሶቡ ላይ ስሟም አይጻፍም።

በ1962 አንድ ወዳጇ ከበረሃ የመጣ ደረቅ ተክል ሰጣት። ልትሥለው ሞከረች፤ ቅርንጫፉ በዛባት፣ አልገባ አላት። ስለዚህ መጀመሪያ በሽቦ ሠራችው። ብዙ ሽቦ አንድ ላይ ታስሮ ግንድ ይሆናል፣ ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ እንደገና ለሁለት፣ ጫፉ ላይ አንድ አንድ ሽቦ እስኪቀር። የእነዚህ ጥላ ሌላ ዓለም ነው። ግንዱ ጥቁር ነው፣ ወደ ዳር ሲሄድ ይሳሳል፣ ጫፎቹ ግድግዳው ላይ ከመድረሳቸው በፊት የጠፉ ይመስላል። ከላይ ያየነው ስሌት እዚህ በአንድ ሥራ ላይ ሁሉም አለ፤ ወፍራሙ ጥላውን ይጠብቃል፣ ቀጭኑ ይለቃል።

አሳዋ በ2013 አረፈች። ሳንፍራንሲስኮ፣ ኦክላንድና አካባቢው ያላችሁ ግን ዙር እስኪመለስ መጠበቅ የለባችሁም። ጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ ያለው ዴ ያንግ ሙዚየም በ2005 አዲሱን ሕንፃ ሲከፍት አሳዋ 15 የሽቦ ሥራዎቿን ሰጥታዋለች። የማማው መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ወደ ማማው ለመግባት ትኬት አይጠየቅም። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከተማውን ከላይ ለማየት ወደ ሊፍቱ ይሮጣል። እናንተ ቆም በሉ። ቅርጾቹን ለአፍታ ተዉአቸውና ግድግዳውን እዩ። የአንዱ ጥላ የሌላው ላይ ወድቆ የቱ የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል። ከዚያ በመብራቱ መሃል የሚያልፍ ሰው አይጠፋም፤ ጥላው ድፍን ጥቁር ሆኖ ግራጫውን መረብ ሲያቋርጥ ታያላችሁ።